በ90 ሳንቲ ሜትር ከፍታ

አጭር ፊልም ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የሾት (ካሜራው ሳይቆረጥ የሚይዘው አንድ ቁራጭ) ዝርዝር ነው፦ እዚህ ክሎዝ አፕ (ፊትን በቅርብ የሚያሳይ)፣ እዚያ ድሮን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቀስ እያለ የሚጠጋ ካሜራ። እኔ ከዚያ በፊት ሌላ ወረቀት ቢጻፍ እመርጣለሁ፤ ካሜራው የማያደርጋቸው ነገሮች ዝርዝር። የሁለት ሰዓት ፊልም ከተመልካቹ ጋር ለመላመድ ጊዜ አለው። ሰባት ስምንት ደቂቃ ያለው ፊልም ግን ገጸ ባሕርይውን አስተዋውቆ፣ አዋድዶ፣ አሳዝኖ የሚጨርስበት ፋታ የለውም። በእጁ ያለው አንድ መንገድ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች አንድ ሕግ ለተመልካቹ ሳይነግሩ ማስለመድ፣ ከዚያ በቦታው አንዴ ብቻ መጣስ። ድባቡ ከመልመዱ ይመጣል፣ ትርጉሙ ከመጣሱ።

በደፈናው ከማውራት አንድ ፊልም ይዘን እንሂድ፤ ለዚህ ጽሑፍ ሲባል የታሰበ ነው። ቦታው መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ብዙም የማይርቅ መንደር። ቤቱ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር። እናትየዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የበግ ጠጉር ትፈትላለች። ልጇ ከአዲስ አበባ መጥቷል። የመጣው የመሬት ደብተሩን ሊወስድ ነው፤ አፉን ሞልቶ ግን አይናገረውም። «ተቀመጥ እንጂ» ትለዋለች። «አልቆይም እማዬ፣ መኪና እንዳያመልጠኝ።» ትንሽ ቆይታ ደግማ ትለዋለች፤ መልሱ ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሳትለው ይቀመጣል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው፤ 7 ደቂቃ ተኩል።

ልጅ እናቱ ቤት ገብቶ ቆሞ መቅረቱ ምን ማለት እንደሆነ ለአገራችን ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ችግሩ መቀመጡ ነው። በተለመደው አቀራረጽ አንድ ሰው ቆሞ ቆይቶ ቢቀመጥ ማንም ልብ አይለውም፤ ካሜራው አብሮት ዝቅ ይልና ነገሩ ያልፋል። መቀመጡ እንዲሰማ ካሜራው ሳይከተለው መቅረት አለበት።

ስለዚህ ሕጉ እንዲህ ይሁን፦ ቤት ውስጥ የሌንሱ መሐል ከመሬት 90 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቆማል፤ ወደ ላይ አይቀናም፣ ወደ ጎን አይዞርም፣ ሾቱ ሳያልቅ ከቦታው አይነሳም። 90 ከየት መጣ? በርጩማው 25 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢኖረው፣ በላዩ የተቀመጠች አሮጊት ዓይኗ 95 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ፣ አናቷ 1 ሜትር ከ5 ላይ ይውላል። ካሜራው ከእሷ ዓይን በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ነው ያለው፤ እሷን ቁልቁል አያያትም፣ ሽቅብም አያገንናትም። ሌንሱ በፉል ፍሬም (ብርሃን ተቀባዩ ሴንሰር ትልቅ በሆነበት) ካሜራ 35 ሚሊ ሜትር ነው። ሴንሰሩ አነስ ያለ ከሆነ 23 ወይም 24 ሚሊ ሜትር ያንኑ ይሰጣል። በዚህ ሌንስ በ16 ለ9 ፍሬም (የምስሉ አራት ማዕዘን) ከካሜራው 2 ሜትር ርቀት ላይ የሚታየው ቁመት 1 ሜትር ከ16 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ማለትም ከመሬት ከ32 እስከ 148 ሳንቲ ሜትር። እናትየዋ ከነእንዝርቷ እዚህ ውስጥ በደንብ ትገባለች፣ ከአናቷም በላይ ከ40 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ ባዶ ቦታ ይተርፋል።

አሁን ልጁን እናቁመው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ75 ቢሆንና እሷ ባለችበት በ2 ሜትሩ ርቀት ላይ ቢቆም ፍሬሙ በአንገቱ ላይ ይቆርጠዋል። ይህ መጥፎ ነው። አንገት፣ ጉልበት፣ ክርን ላይ የተቆረጠ ሰው የባለሙያ ስህተት ይመስላል፤ ተመልካቹ ካሜራው የተንሸራተተ ይመስለዋል። ልጁን ወደ ካሜራው 40 ሳንቲ ሜትር እናስጠጋው። በ1 ሜትር ከ60 ርቀት ላይ የፍሬሙ ጫፍ 136 ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሚያርፍ ከትከሻው ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆርጠዋል። አሁን ነገሩ ሆነ ተብሎ የተደረገ መሆኑ ያስታውቃል። ቤቷ ውስጥ ያለው ሰው ፊት የለውም፤ ኮት፣ እጅ፣ የመኪና መሄጃ ሰዓቱን የሚያይበት ስልክ ብቻ ነው። ሲቀመጥ ደግሞ እሷ አጠገብ ያለው መደብ ላይ ነው። መደቡ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ርቀቱ 2 ሜትር፤ አናቱ 130 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ይውልና ፊቱ ሙሉ በሙሉ ፍሬሙ ውስጥ ይገባል። በፊልሙ አምስተኛ ደቂቃ ላይ ተመልካቹ የልጁን ፊት መጀመሪያ ያያል፤ ያየውም ካሜራው ስለሄደለት ሳይሆን ልጁ ዝቅ ስላለ ነው።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የቀረጻ ቀን ካሜራ የያዘው ሰው የተቆረጠ ሰው ሲያይ እጁ ያሳክከዋል፤ ትንሽ ቀና ያደርጋል። አምስት ዲግሪ ቀና ማለት በ2 ሜትር ርቀት 17 ሳንቲ ሜትር ይጨምራል፤ ትከሻው ይገባል፣ አገጩ ይገባል፣ ያን ጊዜ ሕጉ አለቀለት። መፍትሔው የትራይፖዱን ጭንቅላት በውኃ ልኩ አስተካክሎ ማጥበቅና መያዣ እጀታውን መንቀል ነው። ብዙ ትራይፖድ ደግሞ ወደ 90 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ እግሩ ስለሚበረገድ ጠባብ ቤት ውስጥ መተላለፊያ ያሳጣል። በእንጨት ሣጥን ላይ ግማሽ የሞላ የገብስ ጆንያ አስቀምጦ ካሜራውን እላዩ መቅበር ይሻላል፤ የአፈር ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይናወጥም።

ሌንሱን ስለመምረጥ ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ግን ደጋግሞ ይሳታል። ፊትን የሚያጣምመው ሰፊ ሌንስ ሳይሆን ቅርበት ነው። 24 ሚሊ ሜትር ይዞ ክሎዝ አፕ ለማግኘት 40 ሳንቲ ሜትር ድረስ የሚጠጋ ሰው አፍንጫ ያገዝፋል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ አሮጊቷ ላይ ሲሆን ማሾፍ ይመስላል። ለፊቷ 85 ሚሊ ሜትር ተጭኖ 1 ሜትር ተኩል ያህል መራቅ ይበቃል። ያውም ከፍታው ሳይለወጥ፣ እዚያው 90 ላይ።

ብርሃኑ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ፤ የዚህ ዓይነት ቤት ድባብ ግማሹ በሩ ላይ ነውና። መስኮት ከሌለው ወይም ትንሽ መስኮት ብቻ ካለው ቤት በሩ ራሱ መብራት ነው፤ ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ከአንድ ጎን ብቻ የሚመጣ። ሌሎች አገሮች ስቱዲዮ ውስጥ በብዙ ገንዘብ የሚያበጁትን እዚህ ቤቱ በነፃ ይሰጣል። ግን ሁለት ነገር ያበላሸዋል።

የመጀመሪያው ቀጥታ ፀሐይ ነው። በሩ ወደ ምሥራቅ የሚያይ ከሆነ ጠዋት ፀሐይዋ ደፉን አልፋ ወለሉ ላይ ትተኛለች። ዓይን ሲያያት ታምራለች፣ ካሜራ ላይ ግን ነጭ ጉድጓድ ትሆናለች። ደግሞም ትሄዳለች፤ ፀሐይ በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትጓዝ በ10 ደቂቃ ውስጥ ያቺ የብርሃን ቁራጭ ከእንዝርቱ ሥር ወጥታ መደቡ ሥር ትገኛለች። ኤዲቲንግ ላይ ሁለቱን ሾቶች አጠገብ ለአጠገብ ስናስቀምጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር መሐል ግማሽ ሰዓት ያለፈ ይመስላል። ስለዚህ ፀሐይዋ ከበሩ ላይ እስክትነሳ መጠበቅ ነው። ከዚያ በኋላ የሚገባው ከሰማይና ከግቢው መሬት የሚንጸባረቅ ብርሃን ነው፤ ለሁለት ሦስት ሰዓት ያህል ብዙም ሳይለወጥ ይቆያል።

ሁለተኛው የደጁና የቤቱ ልዩነት ነው። ፀሐይ የመታው ግቢና ጨለም ባለ ቤት ውስጥ ያለ ፊት ከ6 እስከ 8 ስቶፕ (አንድ ስቶፕ የብርሃኑ እጥፍ ወይም ግማሽ ነው) ሊራራቁ ይችላሉ። ካሜራው በራሱ እንዲያስተካክል ከተተወ ደጁን ያድንና ሰዎቹን ጥላ ያደርጋቸዋል። ኤክስፖዠሩ (ካሜራው የሚቀበለው የብርሃን መጠን) በእጅ፣ ለእናትየዋ ፊት ይሠራ፤ በሩም ከነሙሉ ስፋቱ ፍሬም ውስጥ አይግባ። የመቃኑ ጠርዝ ብቻ፣ አንድ መዳፍ የሚያህል ብርሃን፣ ደጅ እንዳለ ለመንገር ይበቃል። ይህ ካልተቻለ ከበሩ ውጭ ሁለት ሜትር ርቆ፣ ካሜራው በሚያይበት መስመር ላይ፣ አሮጌ ባና መወጠር፤ ባናው ላይ የሚያርፈው ጥላ በሩን ከነጭ ጉድጓድነት ወደ ግራጫነት ያወርደዋል። ፊቷ ላይ ብርሃን ካነሰ 2 ሜትር ያህል ነጭ አቡጀዲ ከደጅ፣ ከፍሬም ውጭ፣ ወደ ውስጥ እንዲመልስ ማዘንበል ነው። አቡጀዲውን ቤት ውስጥ ከፊት ለፊቷ መያዝ ግን ሥራውን ሁሉ ያፈርሳል፤ ጥላው ይሞላና ፊቷ እንደ መታወቂያ ፎቶ ጠፍጣፋ ይሆናል።

ርቀትም መለካት አለበት። ከበሩ 2 ሜትር ላይ የነበረች ሴት ወደ 4 ሜትር ብትርቅ የሚደርሳት ብርሃን ወደ ሩብ ግድም ይወርዳል፤ ሁለት ስቶፕ መሆኑ ነው። ይህ ችግርም ሀብትም ነው። ልጁን ከበሩ አጠገብ፣ እናቱን ወደ ጓዳው አስጠግቶ ማስቀመጥ አንድም ቃል ሳይነገር ማን ለመውጣት እንደቀረበ ይናገራል። ሲቀመጥ ወደ እሷ ጨለማ ገባ ማለት ነው፤ ፊቱ የታየው የቤቱ ብርሃን በሚያንስበት ቦታ ነው። ለዚህ ሲባል ብርሃን መጨመር አያስፈልግም። መጨመር የሚፈልግ ሰው አይጠፋም፤ ይከልከል።

ግድግዳውም ድርሻ አለው። ኩበት ለዓመታት የነደደበት፣ ጥላሸት የጠጣ ግድግዳ ብርሃን ውጦ ያስቀራል፤ የፊቷ የጥላ ወገን ይጠቁራል። ነጭ የተቀባ ወይም ጋዜጣ የተለጠፈበት ግድግዳ ግን ብርሃኑን ይመልስና ድባቡን ያቀለዋል። ይህን ሳያይ ቤት የሚመርጥ አዘጋጅ በኋላ ጥቁር ጨርቅ ሲሰቅል ይውላል። ጭሱስ? ጭስ የሚታየው ብርሃኑ ከጭሱ ጀርባ ሲመጣ ነው። በሩ ከካሜራው ጀርባ ከሆነ ቤቱ በጭስ ቢታፈን እንኳ ምንም አይታይም፤ በሩ ከፊት በሰያፍ ከሆነ አንድ ኩበት ይበቃል። ለተዋንያኑ ዓይንም መታሰብ አለበት፣ በተለይ ለአሮጊቷ።

ጠይም ፊትና ነጭ ጋቢ አንድ ፍሬም ውስጥ ሲገቡ አውቶማቲክ ካሜራ ጋቢውን አይቶ ፊቱን ያጨልማል። እዚህ ላይ ዜብራ የሚባለውን፣ በጣም የነጣውን ቦታ በሰረዝ የሚያሳይ ምልክት 95 ላይ አድርጎ ጋቢው ላይ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ እስኪነካ ብርሃኑን መክፈት፣ ከዚያ ፊቱን ማየት ነው። ፊቱ አሁንም ከጨለመ ነጩን ጋቢ በበርኖስ ወይም በታጠበና በደበዘዘ ጋቢ መለወጥ ከማንኛውም መብራት ይሻላል። ጠይም ቆዳ ውበቱ በሚያንጸባርቀው ላይ ነው፤ ከጎን የሚመጣ ሰፊ ብርሃን ጉንጭና ግንባር ላይ ቀጭን አንጸባራቂ መስመር ያወጣል። ትንሽ ቅባት ጉንጯ ላይ ቢቀባ መስመሩ ይጎላል። ፓውደር ግን ያን መስመር ስለሚያጠፋ ፊቱን አመድ ያስመስለዋል።

ኩራዝ ያለበት የማታ ወይም የንጋት ትዕይንት ካለ የኩራዙ ነበልባል 2000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) አካባቢ ነው፤ የቀን ብርሃን 5600። ኋይት ባላንሱን (ነጭን ነጭ የሚያደርገውን የቀለም ማስተካከያ) 3200 ላይ መቆለፍ ኩራዙን ወርቃማ፣ በበሩ የሚገባውን ንጋት ደግሞ ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ያን ብርድ በቃል መናገር አይቻልም። አውቶማቲክ ላይ ከተተወ ልጁ በፍሬሙ ባለፈ ቁጥር ቀለሙ ይዋዥቃል። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ፣ መብራት ባለበት ቤት ለሚቀርጽ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርትዝ ስለሆነ ብዙ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ስልክ በራሱ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል)፣ ለምሳሌም በ60ኛ ሹተር (አንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት የሰከንድ ክፋይ) ስለሚቀርጽ ግድግዳው ላይ የሚንከላወስ ጥቁር መስመር ሊወጣ ይችላል፤ ኤዲቲንግ ላይ አይድንም። 25 ፍሬም፣ ሹተር 50ኛ፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል።

ወደ ደጅ ስንወጣ የሰሜን ሸዋ ደጋ በብርድ ይፈትናል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የውርጭ ወቅት ጠዋት ሣሩ ላይ ያረፈው ነጭ ውርጭ ፀሐይ ከነካችው ብዙ አይቆይም። ያንን የሚፈልግ ሰው ካሜራውን ገና ሳይነጋ ቦታው ላይ መትከል አለበት። እኛ ያለንበት ኬክሮስ ላይ ንጋትና ምሽት አጭር ነው፤ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣና ስለምትጠልቅ ያ ወርቃማ የሚባለው ብርሃን ግማሽ ሰዓት ከቆየ ብዙ ነው። በሰሜኑ ዓለም የተጻፉ መጻሕፍት የሚሰጡትን ሰዓት ይዞ ዕቅድ ያወጣ ሰው አራት ሾት አቅዶ አንድ ይዞ ይመለሳል። ቀትር ላይ በተለይ በሚያዝያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ ከአናት በላይ ስለምትቆም ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ በታኅሣሥ ግን በቀትርም ወደ ደቡብ ዘንበል ስለምትል ጀርባን ወደ ፀሐይ ሰጥቶ መቅረጽ ይቻላል። በጠራ ቀን በ25 ፍሬምና በ50ኛ ሹተር፣ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) 2.8 ላይ ለመክፈት 6 ስቶፕ የሚቀንስ ኤንዲ 64 ፊልተር ያስፈልጋል። ፊልተር ያልያዘ ሰው ሹተሩን ወደ ሺኛ ያፈጥናል፤ ያን ጊዜ የሰው አረማመድ የተቆራረጠና የሚያስፈራ ይሆናል። ለጦርነት ትዕይንት ያምራል። ሣር ተሸክማ ለምትመጣ አሮጊት ግን አይሆንም።

የአፍ ትንፋሽ በብርድ ሲጤስ የሚታየው ፀሐይ ከጀርባ፣ ከኋላው ደግሞ ጥቁር ነገር ሲኖር ብቻ ነው። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም ትርፉን በጋቢ ሥር፣ ከገላ ጋር መያዝ ይገባል። ከውርጭ በቀጥታ ወደ ሞቀ ቤት የገባ ሌንስ ላብ ያልበዋል። ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ዘግቶ 20 ወይም 30 ደቂቃ ቤት ውስጥ ማቆየት ነው፤ በጨርቅ መጥረግ ውኃውን ከማሰራጨት በቀር ጥቅም የለውም፣ ወዲያው ተመልሶ ይመጣል።

መንዝ ውስጥ ያለውን የጓሳን ሜዳ ያየ ሁሉ ድሮን ያምረዋል። ከ3200 ሜትር በላይ የተዘረጋ ሣር፣ ጭላዳው መንጋ በመንጋ፣ ገደሉ በስተምሥራቅ። ያ ሁሉ ያምራል፤ ግን የቱሪዝም ማስታወቂያ ነው። በአሮጊት ዓይን ከፍታ የተቀመጠ ፊልም ድንገት 100 ሜትር ወደ ላይ ከወጣ ማን እያየ እንዳለ ይጠፋናል። ስፋቱ ካስፈለገ ካሜራውን መሬት ላይ ተክሎ፣ ሰማዩን ሁለት እጅ፣ ሣሩን አንድ እጅ አድርጎ፣ ልጁን ከፍሬሙ ቁመት ሃያኛ እጅ በማይበልጥ መጠን ከሩቅ ማስመጣት ይቻላል። ካሜራው መዞር ካለበት ደግሞ አንድ ዛፍ ከፍሬሙ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ለማለፍ 7 ሰከንድ ያህል መውሰድ አለበት፤ ከዚያ ከፈጠነ ምስሉ ይንቀጠቀጣል።

ጣርማ በር፣ ጉም የሚበዛበት የተራራ መተላለፊያ፣ ሌላ ነው። ከመሐል ሜዳ የሚወርደው መንገድ ከዋናው የደሴ መንገድ ጋር የሚገናኘው እዚያው አካባቢ ስለሆነ ልጁ መኪና የሚጠብቀው በጉሙ ውስጥ ቢሆን ያሳምናል። ጉም ጥላ የለውም፣ ርቀት የለውም፤ ከ20 ሜትር ወዲያ ዓለም ትጠፋለች። ቤት ውስጥ ሰውየውን በፍሬም የቆረጥነውን ያህል እዚህ ዓለሙን ጉሙ ይቆርጥልናል። ችግሩ ጉም ቃሉን አይጠብቅም፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይወፍራል፣ ይሳሳል፣ ገደሉን ገልጦ መልሶ ይከድነዋል። ስለዚህ ሰፊው ሾት በመጀመሪያ፣ ሳይደገም፤ ክሎዝ አፑ በኋላ፣ ጀርባው ነጭ ብቻ ሆኖ። ጉሙ ቢገፈፍም ሽቅብ ወደ ደመናማ ሰማይ አድርጎ የተቀረጸ ፊት ከቀደመው ጋር ይጋጠማል። አውቶፎከስ ጉም ውስጥ የሚይዘው ያጣና ወዲህ ወዲያ ይላል፤ በእጅ ቆልፉት። ጣሊያን በፈረንጆቹ 1930ዎቹ የሠራው ዋሻም ይስባል፤ ከጨለማ ወደ ነጭ ጉም መውጣት ራሱ አንድ ትዕይንት ነው። ነገር ግን ዋሻው ውስጥ ቆሞ መቅረጽ አደገኛ ነው፤ ከባድ መኪና ያልፍበታል። ከሚሄድ መኪና ውስጥ፣ ኤክስፖዠሩን ለውጪው ጉም ቆልፎ ማለፍ ይበቃል። ካልተቆለፈ ካሜራው ለጨለማው ተከፍቶ ቆይቶ ሲወጣ ለሰከንዶች ሁሉንም ነጭ ያደርጋል።

ድምፅ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚታወስ ነው፤ የሚያሳዝነውም ይኸው ነው። በዚህ ፊልም ግማሹን ሥራ የሚሠራው እንዝርቱ ነው። እንዝርት ሲሽከረከር የሚሰማው ለጆሮ የቀረበ ትንሽ ሹክሹክታ ብቻ ስለሆነ ሰዎች በሚናገሩበት ሰዓት አይያዝም። ለብቻው፣ ማይኩን 15 ሳንቲ ሜትር አስጠግቶ፣ ሲጀመር፣ ሲሽከረከር፣ ሲቆም ለየብቻ ይቀረጽ። ተመልካቹ እናትየዋን በሩቅ እያያት እንዝርቷን በቅርብ ከሰማ ጉልበቷ ሥር የተቀመጠ ይመስለዋል። የልጁ ድምፅ በአንጻሩ ትንሽ ራቅ ካለ ማይክ ይምጣ። ፊቱ እስኪገባ ድምፁም አይግባ፤ ሲቀመጥ ሁለቱም ይቅረቡ።

ልብስ ውስጥ የሚደበቅ ማይክ ከበርኖስና ከባና ጋር አይስማማም። ጠጉሩ ሲፋተግ የሚወጣው ድምፅ ንግግሩን ይበላል። ፍሬማችን የሚያልቀው ከ1 ሜትር ተኩል በታች ስለሆነ ግን ቡሙን (በረጅም ዘንግ ላይ የተሰቀለውን ማይክ) ከላይ በጣም ማስጠጋት ይቻላል፤ ከአፏ በ60 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ዝቅ ያለ ፍሬም ይህን ጥቅም እንደሚሰጥ ብዙ ሰው ልብ አይልም። ድምፁ በ48 ኪሎ ኸርትዝና በ24 ቢት ይያዝ፣ ከፍተኛው ንግግር ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ይድረስ። ንግግሩ ሲያልቅ ሁሉም ሰው ባለበት ዝም ብሎ አንድ ደቂቃ የቤቱ ዝምታ ይቀረጽ፤ ያለ እሱ በእያንዳንዱ ቁርጥ ላይ ዝምታው ይቀደዳል። ጓሳ ላይ ለነፋሱ ጠጉራም መከላከያ የሌለው ማይክ ይዞ መውጣት ድካም ብቻ ነው።

አሁን ወደ ወፍጮው። መንደሩ ውስጥ የናፍጣ ወፍጮ ቤት አለ እንበል፤ ከፊልሙ የመጀመሪያ ሰከንድ ጀምሮ ከሩቅ ቱክ ቱክ ይላል። ተመልካቹ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይለምደውና መስማቱን ይተዋል። ከዚያ ወፍጮው ይቆማል። ብዙ ሰው የሚያቆመው ልጁ በተቀመጠባት ሰከንድ ላይ ነው፤ ይህ አጨብጭቡ ማለት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ቀድሞ ይቁም። ዝምታው ሲመጣ ተመልካቹ ምን እንደጎደለ ሳያውቅ ጆሮውን ያቀናል፤ መቀመጡ የሚደርሰው በዚያ በተቀና ጆሮ ላይ ነው። የመደቡ ላይ ድርቆሽ ሲንኮሻኮሽ እንኳ ይሰማል።

ኤዲቲንግ ክፍል ስንገባ ከ100 ዓመት በፊት የሶቪየቱ ሌቭ ኩሌሾቭ የሠራው ሙከራ ዛሬም ይሠራል። የአንድ ተዋናይ፣ የኢቫን ሞዡኪን፣ ምንም የማይናገር ፊት ከሾርባ ሳሕን፣ ከሬሳ ሣጥን፣ ከሴት ጋር ተቀጠለ፤ ፊቱ ያው ሆኖ ሳለ ተመልካቹ ረሃብ፣ ሐዘን፣ ፍላጎት አየበት። እኛም የእናትየዋን ፊት እንዲሁ እንያዝ። «እዘኚ» ወይም «ጠርጥሪ» አይባልም፤ አንድ ደቂቃ ዝም ብላ እየፈተለች ቀና እንድትል ብቻ ይነገራታል። ከዚያ ፊቷን ጭቃ ካልነካው ጫማው ጋር፣ ስልኩን ከሚነካ አውራ ጣቱ ጋር፣ ደብተሩ ካለበት ሣጥን ጋር መቀጠል ነው። ተዋናይቷ ካዘነች ግን ተመልካቹ የሚሠራው አይተርፈውም።

7 ደቂቃ ተኩል 450 ሰከንድ ነው። አንድ ሾት በአማካይ 10 ሰከንድ ቢወስድ 45 ሾት ይሆናል። አማካይ ግን አታላይ ነው፤ መክፈቻው የእንዝርት ሾት 25 ሰከንድ ሊወስድ ይገባል፤ ፍጥነታችን ይህ ነው ብሎ ለተመልካቹ የሚነግረው እሱ ነው። የጫማው ሾት 2 ሰከንድ ተኩል ይበቃዋል። ካሜራው ከእናትና ልጅ መስመር አንድ ወገን ብቻ ይቁም፣ በሩ ሁልጊዜ በግራ ይሁን፤ ከተሻገረ ሁለቱም ወደ አንድ ጎን የሚያዩ ይመስላሉ፣ ብርሃኑም ከየት እንደሚመጣ ይምታታል። የሚቀመጥበት ሾት ደግሞ ፈጽሞ አይቆረጥ። ኤዲተሩ ያምረዋል፤ ወደ ፊቱ ክሎዝ አፕ ቢቆርጥ እንባው ይታያልና። ግን በቆረጠባት ቅጽበት ካሜራው ወደ ልጁ ሄደ ማለት ነው፣ አምስት ደቂቃ የተገነባው ሁሉ ፈረሰ። ከመቆሙ እስከ መቀመጡ፣ ከተቀመጠ በኋላም 20 ሰከንድ ያህል፣ አንድ ሾት። የሚያስቸግረው ኤዲተሩ መንካት ሳያምረው መቀመጡ ነው።

ሙዚቃ ካስፈለገ ከመቀመጡ በፊት ያልቅ። ማሲንቆ ከገባ ተመልካቹ ምን እንዲሰማው ተነግሮታል፤ ዝምታው የሠራውን ይደግምበታል፣ መደጋገም ደግሞ ማሳነስ ነው። ቀለሙን በግሬዲንግ (በኤዲቲንግ የቀለም እርማት) ከመጠን በላይ ሰማያዊ ማድረግም እንዲሁ፤ ብርዱ በትንፋሹና በጋቢው አያያዝ ከታየ ቀለሙ አያስፈልገውም።

ፊልሙን አብዛኛው ሰው የሚያየው በስልክ ነው፤ ይህን አለማሰብ ብዙ ያስከፍላል። የስልክ ድምፅ ማጉያ ዝቅተኛውን ድምፅ ስለማያወጣ የወፍጮው ቱክታ ከነጭራሹ ይጠፋል፤ ከጠፋ ደግሞ ቢቆምም ማንም አያውቅም። ስለዚህ በጆሮ ማዳመጫ የተስተካከለው ድምፅ ስልክ ላይ ተጭኖ፣ ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ መሞከር አለበት። ካልተሰማ ወፍጮውን በቀላሉ ማጮህ መፍትሔ አይደለም፤ የወፍጮው ቀበቶ ሲያፏጭ ያለውን ከፍ ያለውን የድምፅ ክፍል ለብቻው መቅረጽና በትንሹ መቀላቀል ነው። የጥላው ወገንም በስልኩ ዝቅተኛ ብርሃንና በቀን ደጅ ይታይ። እዚያ ላይ ልጁ የተቀመጠበት ማዕዘን ድፍን ጥቁር ከሆነ፣ ግማሽ ስቶፕ ከፍ ይደረግ፤ ከዚያ በላይ አይሁን።